በማይክ የተባለ

መሪጌታ ጥበቡ ከመቃብሩ ራስጌ ቆመዋል፤ ማይኩ ከፊታቸው ነው። በስተቀኛቸው ሁለት ቄሶችና መስቀል የያዘ ዲያቆን። የሟቹ ባለቤት ጥሩወርቅ በእግርጌው በኩል፣ በሁለት እህቶቿ ተደግፋ። የኪነት ቡድኑ ልጆች ከቤተ ልሔሙ ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። ትልቁን ከበሮ ይዘው መጥተዋል፣ ግን አልመቱትም፤ ሰፊ አፉን ወደ ግድግዳው አዙረው አስቀምጠውታል። የዕድሩ ሰዎች በስተግራ፣ አካፋና ዶማቸውን ይዘው። ሐጂ ኑሩ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከምሥራቁ በር ትይዩ ካለው ጽድ ሥር፣ ከገበያው ነጋዴዎች ጋር። እነሱ ቅጥር አይገቡም፤ ከቀብር ግን አይቀሩም። እኔ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ፣ ወይራውን ተደግፌ።

የምንቀብረው አያሌውን ነው። ደብረ ታቦር ጋሽ አያሌው ይለዋል። እኔ አያሌው ነው የምለው።

በእኛ አገር ፍትሐቱ ሲያልቅ ቄሱ ወደ ሕዝቡ ዞረው «ይፍታው በሉ» ይላሉ። ሕዝቡም በአንድ አፍ «እግዚአብሔር ይፍታው» ይላል። ቂም ያለው ሰው እንኳ እዚያ ላይ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ቂም ይዞ አፈር ማልበስ አይወደድም፤ ሬሳውም በሰላም አያርፍም ይባላል። እኔ ያን ቀን ከቤቴ ስወጣ እንደማልለው አውቄ ነው የወጣሁት።

አያሌው የኪነት ቡድናችን የሳውንድ ሰው ነበር። እኔ እዚያው ንብረት ክፍል ነበርኩ። አልባሳቱ፣ ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ከበሮው፣ ገመዱ ሁሉ በእኔ እጅ ይወጣል፣ በእኔ እጅ ይገባል። ስለዚህ ከሚስቱ ይልቅ እኔ ብዙ ቀን አይቸዋለሁ። «የንብረቷ እመቤት» ይለኝ ነበር። «እመቤቴ፣ አንድ ገመድ ይፍቀዱልኝ» ብሎ ከበሩ ላይ እንደ ለማኝ ይቆማል። ያልሳቀ ሰው የለም፤ እኔም አንዳንዴ ስቄያለሁ።

ረጅም ነው፤ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። በሸሚዙ ኪስ ሁልጊዜ የሚስቱ አሮጌ ሻሽ አለች፤ ማይክ የሚጠቀለለው በእሷ ነው። ማይክ ሲሞክር እንደ ሌላው ሰው «ሄሎ ሄሎ» አይልም፣ እፍም አይልበትም። በትንሿ ጣቱ ጥፍር ሁለቴ ነካ ነካ ያደርገውና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። እፍ የሚል ሰው ካየ ከሜዳው ማዶ ይጮኻል።

«እፍ አትበልበት፤ ትኩስ ገንፎ አይደለም!»

ዝናብ የመታውን ማይክ ፈትቶ ጥሬ ገብስ ውስጥ ቀብሮ ያሳድረዋል። የወደቀውን ይከፍተዋል፤ የተበጠሰችውን ሽቦ፣ ከፀጉር የምትቀጥነውን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይበይዳታል። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ ባርኔጣ ያለብሰዋል። የቤተ ክርስቲያኑን ማይክ ጠዋት ጠግኖ የመስጊዱን ከሰዓት ይጠግናል፤ ከሁለቱም ምርቃት እንጂ ሌላ አይቀበልም። አዲስ እንግዛ ሲሉት አይወድም።

«የሞተ ማይክ የለም» ይላል። «የተጣላ ሽቦ ነው ያለው። ማስታረቅ ነው።»

ይህን አባባሉን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሠርግ ላይ ሽማግሌዎች ሳይቀር ይጠቅሱታል። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር።

የከበሮ ማይክ ከመምጣቱ በፊት ሜዳ ላይ ከበሮ አይሰማም ነበር። ዘፋኙ በድምፅ ማጉያ ይዘፍናል፣ ማሲንቆው በድምፅ ማጉያ ያለቅሳል፣ ከበሮ መቺው መዳፉ እስኪላጥ ቢመታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው አይሰማውም። ሰዎች የሚጨፍሩት እጁን እያዩ ነው። ስንት ዓመት ከለመንን በኋላ ሁለት የከበሮ ማይኮች ከአዲስ አበባ መጡልን። አጫጭርና ወፋፍራም ናቸው፤ የሕፃን ጡጫ ያህላሉ። መቆንጠጫ አላቸው፣ ከከበሮው ጠፍር ላይ ይነክሳሉ። አያሌው ካርቶኑን ከፍቶ አንድ በአንድ በመዳፉ መዘናቸው። «መንትዮች» አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ስማቸው እሱ ሆነ።

ያን ቀን ሁላችንንም ሰብስቦ አንድ ሕግ አወጣ። የእኛ አገር ክረምቱ ከባድ ነው፤ ከጉና የሚመጣው ጉም ቆዳውን ያላላዋል። የላላ ከበሮ ደግሞ እሳት ወይም ፀሐይ ካልሞቀ አይጮኽም። ስለዚህ ከበሮ ወደ እሳት ማስጠጋት የዘወትር ሥራችን ነው።

«ማይክና እሳት ዘመድ አይደሉም» አለ አያሌው። «ከበሮውን ወደ እሳት የሚወስድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ መጀመሪያ ማይኩን ይንቀል። ይህን የረሳ ሰው ዳግመኛ የእኔን ገመድ አይነካም።»

ልጆቹ እንደ ውዳሴ ማርያም አጠኑት። ከበሮ ያነሳ ሰው ሁሉ «ነቅለሃል?» ይባላል። «ነቅያለሁ» ሳይል አያልፍም።

ሰናይት የወንድሜ ልጅ ናት፤ ከሐሙሲት። አረብ አገር ሠርታ ተመልሳ እኔ ዘንድ ተቀመጠች። ከበሮ ከእናቷ ነው የተማረችው። እናቷ በደራ ሠርግ ሁሉ የምትጠራ መቺ ነበረች። ሰናይት መጀመሪያ የመጣች ቀን አያሌው ከበሮው ፊት አቁሞ ፈተናት።

«አረብ አገር ነው ከበሮ ያስተማሩሽ?»

«የለም ጋሼ። እዚያ ምንጣፍ ነው የምመታው።»

«ታዲያ እጅሽ አልዛለም?»

«እንዴት ይዝላል? ምንጣፉን የመዳሜ ፊት ነው እያልኩ ነበር የምመታው።»

አያሌው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ መታች። ሳቁን አቆመ፤ መንትዮቹን አምጥቶ በገዛ እጁ ገጠመላት። «ይቺን ልጅ ከየት ደብቀሽ ነው ያኖርሻት?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ይላት ነበር። ይህንንም እጽፈዋለሁ፤ እውነት ስለሆነ።

በዓመቱ ቡሄ ደረሰ። ቡሄ የከተማችን ስም ያለበት በዓል ነው፤ ከይፋግ፣ ከእስቴ፣ ከየቦታው ሰው ይመጣል። በዚያ ዓመት ከባሕር ዳር እንግዶች መጥተው ነበር። ለትልቅ መድረክ ከበሮ መቺ ይፈልጋሉ፣ ስለ ሰናይትም ሰምተዋል። ሰናይት ሌሊቱን አልተኛችም። «ይህ ከተሳካ አክስቴ፣ ፓስፖርቴን ምድጃ ውስጥ ነው የምጨምረው» አለችኝ።

ጠዋት ዘነበ። ከበሮው ላላ። እኔ ልብስ ልተኩስ በንብረት ክፍሉ ደጅ፣ በጣራው ክፈፍ ሥር፣ የከሰል ምድጃ አያይዤ ነበር። ውስጥ ሆኜ የሰናይትን መቀነት እያሰርኩ ነው። ቀና ስል አያሌውን በበሩ አየሁት፤ ትልቁን ከበሮ አቅፎ መጥቶ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠና ሰፊ አፉን ወደ ፍሙ አዞረው። ጀርባው ነው የሚታየኝ። ወዲያው ከሜዳው ጠሩት፤ ጄኔሬተሩ ጠፍቷል። ሮጠ። ሰናይት መቀነቷን እስክጨርስ ከእጄ አልወጣችም። ከዚያም ፀጉሯን ሠራሁላት። ከበሮውን ሌላ ልጅ መጥቶ አንስቶ ወሰደው።

መድረክ ላይ ወጣች። መታች። ከበሮው አልተሰማም። ዘፋኙ ዞር ብሎ አያት፤ እሷ አብዝታ መታች። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። አያሌው ወጥቶ ማይኩን ከጠፍሩ ላይ ሲነቅለው ከበታች ሆኜ አየሁት፤ ፊቱ አፍጥጦ የሚታየው ወንፊት ጠቁሯል፣ ውስጡ ያለው ስስ ክዳን እንደ ሻማ ቀልጦ ተኮማትሯል። አንደኛው መንታ ሞቷል፤ ሌላው በትንሹ ከበሮ ላይ ስለነበር ተርፏል።

የባሕር ዳሮቹ እንግዶች ከፊት ወንበር ላይ ናቸው። ከመሃል አንድ ሰው ጮኸ፦ «የሳውንዱ ሰው ማነው? ተኝቷል እንዴ?»

አያሌው የአስተዋዋቂውን ማይክ ተቀበለ። በጥፍሩ ሁለቴ ነካው። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ይቅርታ ወገኖቼ። ከበሮ መቺዋ ከነማይኩ እሳት ላይ ጥዳው ነው።»

ሜዳው ሁሉ ሳቀ። «ወጥ ነው እንዴ የሚጣደው!» አለ አንዱ። ሌላው «እስኪበስል እንጠብቃ!» አለ። ሰናይት ከከበሮው ኋላ እንደቆመች ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ?» አለችው። ይህን የሰማነው ከመድረኩ ሥር የነበርን ብቻ ነን፤ እሷ ጋ ማይክ የለም።

እሱ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ቀና አላለም።

በሳምንቱ ኮሚቴ ተቀመጠ። ገባሁና ያየሁትን ተናገርኩ፦ ከበሮውን ወደ እሳቱ የወሰደው እሱ ነው፤ ልጅቱ እጄ ላይ ነበረች አልኩ። አያሌው ትይዩ ተቀምጦ የመነጽሩን ዘንግ ያኝካል። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እንዳየሁት ያውቃል፤ እንደሚያውቅም አወቅሁ።

ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነበር። «እትዬ አበራሽ፣ አንቱን አናምንም አላልንም» አለኝ። «ግን ልጅቱ ሥጋዎ ናት።»

«እሱስ ለራሱ ሥጋ አይደለም?»

«ጋሽ አያሌው ሕጉን ያወጣ ሰው ነው። እንዴት እሱ ይረሳል?»

በዚህ ተዘጋ። ሕጉን ያወጣ ሰው ሕጉን አይረሳም። ሰናይት በራሱ ሕግ ከቡድኑ ወጣች። እሱ በያዘው ቀረ።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሌላ ሥራ ይገኝ ነበር፤ ሠርግ ሞልቷል። ግን ስም ወጣላት። «ማይክ የጣደችው» ተባለች። ገበያ ስትወጣ «ከሰል ጨምሩላት» ይላሉ። አንድ ሠርግ ላይ፣ ከተጠራችበት ቤት፣ የሙሽራው አጎት ከበሮውን ተቀብሏት «ልጄ፣ አንቺ ወጥ ቤት ነው የሚሻልሽ» አላት። እየሳቀ ነው ያለው፤ ክፋት አስቦ አይደለም። ሰናይት የቀረበላትን ሳትቀምስ መጣች። በወሩ ፓስፖርቷን አሳደሰች።

መናኸሪያ ስሸኛት «ስሜ ከተመለሰ እመለሳለሁ» አለችኝ። ቦርሳዋን ይዛ ገባች። እኔም አላለቀስኩም። ሚኒባሱ ሲሄድ ዞሬ ሥራ ገባሁ።

ማልቀስ አልችልበትም፤ መያዝ ግን እችላለሁ። የንብረት ሰው ሥራው መያዝ ነው።

በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ ቆጠራ አለ። ኮሚቴው ይቀመጣል፣ ዕቃው አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፤ የሥራ ክፍሉ ኃላፊ ምን እንደሆነና ምን እንደገጠመው በአፉ ይናገራል። የሳውንድ ክፍሉ ኃላፊ አያሌው ነው። የተቃጠለውን ማይክ አጽድቼ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጌ፣ ልክ በፊቱ አስቀምጠዋለሁ።

«ይህ ምንድን ነው?» እለዋለሁ።

«ማይክ።»

«የምን?»

«የከበሮ።»

«ምን አገኘው?»

የኮሚቴው ሰዎች እስክሪብቶ ይዘው ይጠብቃሉ።

«እሳት» ይላል።

«ቀጥሎ» እላለሁ።

ይህን በየዓመቱ አደረግሁት። በሁለተኛው ዓመት ከቆጠራው በኋላ ተከትሎኝ መጣ።

«አበራሽ፣ ይህ ነገር ይወገድ እንጂ። ቦታ ይዟል።»

«የመዳፍ ያህል ቦታ ነው የያዘው።»

«ሰው ይስቅብናል።»

«እኛም በሰው ስቀናል።»

በሌላ ዓመት ደግሞ እንደ ጥንቱ ከበሩ ላይ ቆመ። በሻሿ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ከባሕር ዳር ለዚያ ማይክ የሚሆን አዲስ የውስጥ ዕቃ አስመጥቷል፤ በራሱ ወጪ ነው። ወንፊቱንም እንደ አዲስ ይቀባዋል። ሲጨርስ ከወንድሙ አይለይም።

«ስጪኝ ልሥራው» አለ።

«አይሠራም።»

«የሞተ ማይክ የለም ብዬሻለሁ። የተጣላ ሽቦ ነው ያለው።»

«ይህ አልተጣላም አያሌው። ተቃጥሏል።»

ሻሿን መልሶ ኪሱ ከተተ። «የንብረቷ እመቤት» አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ብሎኝም አያውቅ።

እንዳልሰጥ ያደረገኝ ግልጽ ነው። ከተጠገነ ያልተቃጠለ ይሆናል። ያልተቃጠለ ከሆነ ሰናይት በምን ሄደች? ጡረታ ልወጣ ስል አሮጌ ዕቃዎች በሐራጅ ተሸጡ። ማይኩን ከተሰባበረ ብረት ጋር ገዝቼ ቤቴ ወሰድኩት። አያሌው ሐራጁን ቆሞ ያይ ነበር። አልተጫረተም።

በኋላ ስኳር በሽታ ጣለው። እግሩን አመመው፣ ዓይኑ ደከመ፣ ቀጭኗን ሽቦ ማየት አቃተው። ያኔ ሽማግሌ ላከብኝ። መሪጌታ ጥበቡና ሐጂ ኑሩ መጡ። ሐጂ ኑሩ የገበያው ሬዲዮና ስልክ ሻጭ ናቸው፤ የአያሌው ወዳጅ። ወንበር አወጣሁላቸው።

ሐጂ ጀመሩ። «እትዬ አበራሽ፣ እኔና መሪጌታ በአንድ ነገር ተስማምተን ስንሄድ ይህ የመጀመሪያችን ነው። ለዚሁ ብለው እንኳ አያሳፍሩን።»

«እኔ ተስማምቻለሁ አላልኩም» አሉ መሪጌታ፤ «ሐጂ ጎትተውኝ ነው።»

ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። ከዚያ መሪጌታ ነገሩን አወጡት። አያሌው አምኗል። ከበሮውን እሳት ላይ ያስጠጋው እሱ ነው፤ ማይኩን ሳይነቅል የሄደው እሱ ነው። መድረኩ ላይ እንግዶቹን ሲያይ አፉ አመለጠው። ይቅር በይኝ ብሏል።

«ለማን ነው ያመነው?» አልኳቸው።

«ለእኛ።»

«እናንተ ሁለት ናችሁ። ሜዳው ሙሉ ነበር።»

«እሜቴ፣ ሰው ታሟል» አሉ ሐጂ።

«ልጅቱም የሰው ቤት ወለል እያጠበች ነው። በማይክ የተባለ በጆሮ አይመለስም። የዋሸበት ቦታ ቆሞ፣ በዋሸበት ማይክ ይናገር። ያን ቀን ይቅር እላለሁ፤ ሰናይትም ትመጣለች።»

ሁለቱ ተያዩ። ሄደው ነገሩት፤ ማግስቱን መልስ ላከ። «ቡሄ ይድረስ፤ እናገራለሁ» ብሏል።

ለሰናይት ደወልኩላት። የላከውን ነገርኳት። «የዚያን ቀን በስልክ አሰሚኝ» አለችኝ። «በጆሮዬ ከሰማሁ ትኬት እቆርጣለሁ።»

ቡሄ ደረሰ። ከፊት ረድፍ ተቀመጥኩ። ሐጂ ኑሩም ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ከዳር ቆመዋል። አያሌውን ደግፈው መድረክ አወጡት። ሕዝቡ አጨበጨበለት፤ ይወዱታል። ስልኬን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ማይኩን በጥፍሩ ሁለቴ ነካው፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ወደ እኔ አየ። ስልኩንም አየ።

«ወገኖቼ» አለ። ቆየ። «እንኳን አደረሳችሁ።»

ደግፈው አወረዱት። ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩ።

«ይኸው ነው?» አለች ሰናይት።

«ይኸው ነው።»

«ካርድሽ ያልቃል አክስቴ፣ ዝጊው።»

ከመድረኩ ጀርባ ሄድኩ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንደ ልማዱ ገመድ በክንዱ ላይ ይጠቀልላል።

«አበራሽ፣ አፌ እምቢ አለኝ» አለ።

«ያን ጊዜስ ታዝዞልህ ነበር።»

ከእሱ ጋር የተነጋገርነው የመጨረሻው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ ሁለቱንም ጊዜ በር ላይ መልሻለሁ። መንገድ ላይ ሳየው አልሸሸሁም። ቆሜ እስኪያልፍ አየዋለሁ። ዱላውን ይዞ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ እኔ አልቸኩልም ነበር።

የሞተ ለት ጠዋት ሄድኩ። ለቅሶ አይቀርም። ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። ጥሩወርቅ አልበደለችኝም፤ ይህንንም አውቃለሁ።

«መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቀኝ» አለች። «‹አበራሽ ይፍታው ትላለች ወይ?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ትላለች አልኩት። ምን ልበለው?»

«እንግዲህ አንቺም ዋሸሽው» አልኳት።

እጄን ለቀቀች። ሳጥኑ ሲወጣ ከሴቶቹ ኋላ ሆኜ ተከተልኩ። ወይራው ሥር ቆምኩ።

ፍትሐቱ አለቀ። ከቡድኑ ልጆች አንዱ ወጥቶ የሕይወት ታሪኩን አነበበ። የት እንደተወለደ፣ ስንት ልጅ እንዳሳደገ፣ የቤተ ክርስቲያኑንም የመስጊዱንም ማይክ እንደጠገነ። «በሥራ ዘመናቸው አንድም ሰው ያላስቀየሙ» የሚል ላይ ሲደርስ ልጁ አልተደናቀፈም። ምን ያውቃል? ሰናይት ስትሄድ ሕፃን ነበር።

መሪጌታ ወደ ማይኩ ተጠጉ። «በሥጋ ለባሽነቱ ያስቀየመው ካለ» አሉ፣ «ዛሬ ከልቡ ያውጣ።»

ከወይራው ሥር ወጣሁ። ሴቶቹ ዞረው አዩኝና መንገድ ለቀቁ፤ አንዷ «እሰይ» ስትል ሰማሁ። ሁሉም የመሰላቸው አንድ ነገር ነው። ጥሩወርቅ ከእህቶቿ እጅ ቀና አለች። መሪጌታም ማይኩን በገዛ እጃቸው ወደ ቁመቴ ዝቅ አደረጉልኝ።

ማይኩን አወቅሁት። አጭርና ወፍራም፣ የሕፃን ጡጫ የሚያህል፤ የተረፈው መንታ ነው። ስፖንጁን ራሱ ነበር የቆረጠለት። እሱ ከታመመ ወዲህ ሌሎቹ ጠጋኝ አጥተው ስለተበላሹ ከከበሮው ላይ አንሥተው ነው ያመጡት።

በትንሿ ጣቴ ጥፍር ሁለቴ ነካሁት። ከግድግዳው ሥር ያሉት የቡድኑ ልጆች ሁሉ በአንዴ ቀና አሉ።

«እኔ አበራሽ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ከቅጥሩ ወጥቶ መንገዱ ድረስ ሲሄድ ሰማሁት። «ከአያሌው ጋር ሠርቻለሁ። የዛሬ ስንት ዓመት በቡሄ ዕለት የከበሮውን ማይክ እሳት ላይ ያቃጠለው አያሌው ነው። ሰናይት አይደለችም። ሰናይት እጄ ላይ ነበረች። ይህን ለመሪጌታና ለሐጂ አምኗል። ለእናንተ ሊነግራችሁ ቃል ገብቶ ነበር፤ ሳይነግራችሁ ሞተ። የወንድሜ ልጅ ስሟ ሰናይት ነው። ሌላ ስም የላትም።»

ከጽዱ ሥር ሐጂ ኑሩ ቆባቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያያሉ። ጥሩወርቅ አላለቀሰችም፤ እኔን ታየኛለች።

መሪጌታ ማይኩን በመዳፋቸው ከደኑት። ለእኔ ብቻ እንዲሰማ አድርገው፣ «እንግዲህ አሉት፣ እሜቴ» አሉኝ። «ሕዝቡም ሰማ። አሁን ይፍታው ይበሉ።»

እጃቸውን ከማይኩ ላይ አነሡ። ሕዝቡ ይጠብቃል። የዕድሩ ሰዎች አካፋቸውን እንደያዙ ነው።

ነጠላዬን አጣፋሁ። በሴቶቹ መካከል አለፍኩ፣ በከበሮው አጠገብ አለፍኩ፣ በምሥራቁ በር ወጣሁ።